ኮፈን በተከፈተበት የማይጠፋው ሽበሺ

የሽበሺ መሞት ሲነገረው ሙሐመድሳኒ ጭንቅላቱን የመኪናው ሞተር ውስጥ ቀብሮ ነበር። ነጋሪዋ ጎረቤታቸው የኔነሽ ናት። ከሐኪም ቤት እስከ ሰፈራቸው ቦሳ ኪቶ በዝናብ በእግሯ መጥታ፣ የግቢው በር ላይ ስትቆም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አያት፤ አፏን ሳትከፍት ገባው።

«ጋሽ ሽበሺ አረፉ» አለች።

ሙሐመድሳኒ «ያ ረቢ» ብቻ አለና በእጁ የያዘውን ካንዴላ፣ የሞተሩን እሳት መጫሪያ፣ ወደ ቦታው ሊመልስ ሞከረ። አልገባለት አለ። ሽበሺ ሐኪም ቤት ከተኛ ወዲህ አንድም ቀን ሄዶ አልጠየቀውም። ሊሄድ የፈለገው ምክንያቱን ይዞ ነበር፤ «ያን ዕለት አልዋሸሁም፣ መኪናዋ በእርግጥ አልተነሳችም፣ ያስቸገራትም ይኸው ይኸ ነው» ሊለው። ምክንያቱን ፍለጋ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ሲውል ሰውየው ቀደመው።

ይህ ነገር ሰውን እንዲህ ለምን እንደሚያሳፍር ለመረዳት ሽበሺን ማወቅ ያስፈልጋል። ማወቁም አይከብድም፤ ሁላችሁም አንድ አንድ ታውቃላችሁና።

በየትኛውም ከተማ የመኪና ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ከመሬት የሚበቅል ሰው አለ። መኪና የለውም። መንዳት አይችልም። መፍቻ ጨብጦም አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት መኪና መንገድ ላይ ቀጥ ባለች እንደሆነ፣ ሾፌሩ ገና ከወንበሩ ሳይወርድ እሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ አገጩን እያሸ ነው። ደሴም አለ፣ ነቀምትም አለ። አጋሮ ሁለት አሉ ይባላል፤ በአንድ ካንዴላ ተጣልተው አይነጋገሩም። የጅማው ግን ከሁሉም የላቀው፣ ክቡር ሊቀ ኮፈን፣ የታመመ ሞተር ሁሉ ባለሟል፣ ልብስ ሰፊው ሽበሺ ነበር።

የስፌት መኪናው ከዋናው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ነበር። ያን ቦታ የመረጠው ለብርሃኑ ነው ይላል። ሰፈሩ ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። ከአወቱ ወንዝ ወዲህ የሚያስል ሞተር ከሰማ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ይነሳል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ ይሮጣል። በዚህ ምክንያት በጅማ ከተማ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ይዞ በረንዳ ላይ የሚጠብቅ ደንበኛ አይጠፋም ነበር።

እንደ ደረሰም ሥርዓቱ አንድ ነው። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። «ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ ልስማት» ይላል። ሾፌሩ ሞተሪኖውን፣ ማስነሻውን፣ ያዞራል። ሽበሺ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ቅኔ እንደሚቀበል ደብተራ ያደምጣል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ፍርዱ ምን ጊዜም እርግጠኛ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ የአጋሮው አውቶቡስ ሰውና ዶሮ እንደጫነ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ገብረሥላሴ ቁጡ ሰው ነው። ሽበሺ ደርሶ አደመጠና «ቤንዚኗ ውሃ ጠጥቷል» አለ።

«የምን ውሃ? ዛሬ ጠዋት ነው ያስቀዳሁት!»

«አንተ አስቀዳህ፤ እሷ ጠጣች። አፍስሰው፣ ውሃ ታያለህ።»

ገብረሥላሴ እየተሳደበ ከታች ገብቶ የታንከሩን ቡሽ ፈታ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ፤ ውሃም የለም፣ ቤንዚንም የለም። ለካ ረዳቱ ሳይቀዳ ቀድቻለሁ ብሎ ኖሯል። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ሽበሺ ግን ደረቱን ነፋ አደረገና፣ «አላልኳችሁም? ነገሩ ከቤንዚኑ ነው ብያለሁ!» አለ።

«ጋሽ ሽበሺ» አለ ገብረሥላሴ፣ «እባክህ ሱሪዬን ስጠኝና ከፊቴ ጥፋ።»

«ሱሪህማ ቁልፍ ይቀረዋል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ በክረምት አልነሳ ላለች የአንድ መኮንን መኪና ባትሪው በርዶት ነው ብሎ፣ የራሱን ጋቢ አልብሶት አደረ። ጠዋት መኪናዋ ተነሳች። ጋቢው ግን የባትሪው አሲድ በነካው በነካው በኩል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ተገኘ። ሚስቱ ብርሃንነሽ ጋቢውን አንስታ በቀዳዳው እያየችው፣ «አንተ ሰው፣ ለእኔስ ሲበርደኝ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?» አለችው። ሽበሺ የተበሳውን ጋቢ አልጣለውም። ለብሶት ይወጣና ለጠየቀው ሁሉ ታሪኩን ይናገራል፤ ላልጠየቀውም ይናገራል።

መናገር ነዋ! ሽበሺ ሌላው የታወቀበት ነገር ይኸው ነበር። አፉ ምስጢር አያሳድርም። የማንን ወገብ ለክቶ የማን ሆድ እንደ ገፋ፣ የትኛዋ ሴት ቀሚሷን አስፉልኝ እንዳለችና ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ከምሳ በፊት ሰፈሩ ይሰማል። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ «ለሽበሺ የነገርሽው ለሐሙስ ገበያ የነገርሽው ነው» ይሉ ነበር። እሱም አይቀየምም። «እኔ ወንፊት ነኝ፤ እንክርዳዱን ነው የማስቀረው» ይላል። የሚያስቀረው እንክርዳድ ግን ታይቶ አይታወቅም።

ሙሐመድሳኒ ከዚህ ሰው ጋር የተሳሰረው በመኪናው ነው። ቡና ነጋዴ ነበር፤ ከሰቃ፣ ከሊሙና ከአጋሮ ቡና እየሰበሰበ ጅማ የሚያወርድ። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ አሮጌ የጭነት መኪና አለችው። ሰፈሩ «አሮጊቷ» ይላታል። በመንገዱ ላይ ከእሷ ሌላ መኪና ስላልነበረ አሮጊቷ የሙሐመድሳኒ ብቻ አልነበረችም። ሙሽራ ስትመጣ እሷ ናት። ምጥ ሲጠና እሷ ናት። የመውሊድ ሰንጋ፣ የክርስትና ድንኳን፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የአማት ሻንጣ፣ ሁሉም እሷን ይጠብቃል። ሙሐመድሳኒ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ «እምቢ» የሚለው ቃል ከጉሮሮው አይወጣም። «እሺ፣ በኋላ እናያለን» ይላል፤ በኋላ ሲታይም ራሱን መሪው ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። የገዛ ቡናው ሰቃ ላይ ዝናብ እየመታው የሰው ቆርቆሮ እስከ ሰርቦ ያደርሳል።

የሸጠለት ጣሊያን አንድ ብልሃት አሳይቶት ነበር። የካንዴላዎቹ ገመዶች ከሚሰበሰቡበት ክዳን ሥር የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር ቁራጭ አለች። እሷ ከሌለች እሳቱ ወደ ካንዴላዎቹ አይደርስም፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። «ሌባ የምትፈራ ከሆነ ማታ ማታ ንቀላትና ኪስህ ክተታት» ብሎታል። ሙሐመድሳኒም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ቁራጯን ሳይመልስ እንግዳ መጣበት፤ የበርና የመስኮት እንጨት እስከ አሰንዳቦ እንዲያደርስለት የሚለምን። ሙሐመድሳኒ ከይሉኝታው ብዛት ቁራጯን ረስቶ ሊያስነሳ ሞከረ። ሞተሩ አቃሰተ፣ አልተነሳም። ሰውየው «አይዞህ ወንድሜ፣ ምን ታደርግ» ብሎት፣ ራሱ አዝኖለት ሄደ።

ሙሐመድሳኒ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁራጯን ሲዳስሳት ነገሩ ተገለጠለት። እሱ እምቢ ማለት አይችልም፤ መኪናዋ ግን ትችላለች።

ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ አመሏ ከፋ። ልብ ብሎ ላያት ሕመሟ ቀን ይመርጣል። ቡና ለመጫን ስትሄድ እንደ ሚዳቋ ናት፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲጠራት ትሞታለች። ጎረቤት ግን ልብ ብሎ አያይም፤ ጎረቤት ይገፋል። ሽማግሌው ጫማውን አውልቆ፣ ጎረምሳው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው ውስጥ «ያ ጀባ! በርታ!» እየተባለ መንገዱን ላይና ታች ይገፏታል። ሙሐመድሳኒ መሪውን ይዞ፣ ቁራጯ በደረት ኪሱ፣ ከፊቱ ያለውን የኋላ ማሳያ መስተዋት ላለማየት ይጥራል። መስተዋቱ ውስጥ የሚገፉት ሰዎች ፊት አለ። ሚስቱ ዙቤይዳ ኮቱን ስትጠርግ ቁራጯን አግኝታ ገብቷት ነበር። «የሰው ትከሻ ግፍ አለው» አለችው አንድ ቀን፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሽበሺም ያው ይመጣል፤ «ቆይ፣ እስቲ ልስማት»። ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ይሳሳታል። ለሙሐመድሳኒ ይህ ምቹ ነበር፤ ጨርሶ የማያውቅ ሐኪም የመሰለ ለሐሰተኛ በሽተኛ ማን አለ?

እስከ ሸኩር ሠርግ ድረስ። የሰቃው ሸኩር ዘመዶቼን አድርስልኝ ብሎ መጣ። ከተማው ግማሽ ያህሉ ወጥቶ ገፋ። አሮጊቷ ወይ ፍንክች። ሽበሺ ደረሰ፣ እጁን አነሳ፣ አደመጠ። ከዚያ ከዚህ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዝቅ ብሎ ያችን ክዳን ከፈታት። ባዶ ነበረች።

ጅማ ሽበሺ ዝም ሲል ያየችው ያን ቀን ነው። ቀና አለና የሙሐመድሳኒን ኮት አየ። ኮቱን የሰፋው ራሱ ነው፤ ያ የደረት ኪስ ባዶውን ሲሆን እንዴት እንደሚወድቅ ያውቃል። አሁን አንድ ነገር ወደ ታች ጎትቶታል። ሙሐመድሳኒ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በዙሪያው ሁሉ ጭቃ የለበሰ ሰው ነው፤ ከሁሉ በላይ ወሬ የማይቋጥረው ሰው ፊቱ ቆሟል። «አለቀልኝ» አለ በልቡ።

ሽበሺ ክዳኗን መልሶ ገጠማት። እጁን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

«ዲናሞ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ዛሬ አትነሳም። በቃ አትግፉ፤ በከንቱ ለፋችሁ። አንተም ሸኩር፣ ሌላ መላ ፈልግ፤ ሠርግ በእግርም ይደርሳል።»

«እርግጠኛ ነህ ጋሽ ሽበሺ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

ሕዝቡ ተበተነ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሙሐመድሳኒ «ጋሽ ሽበሺ፣ እርስዎ...» ብሎ ጀመረ። ሽበሺ «ኮትህ ትከሻው ላይ ጠቦሃል፤ አምጣውና ላስፋልህ» ብሎት ወደ በረንዳው ሄደ።

ሙሐመድሳኒ አፍሮ ያን ብልሃት ተወው ቢባል ያምር ነበር። አልተወውም። የሚብሰውም ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀለለው። አሮጊቷ በታመመች ቁጥር ሽበሺ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰዉ እጅጌውን ሳይሰበስብ አዲስ በሽታ ያውጅላታል። ዛሬ ቦቢናዋ ተቃጥሏል። በሌላ ጊዜ ካርቡራተሯን አቧራ በልቶታል። አንዴማ «እርጅና ነው፤ እርጅና ደግሞ መድኃኒት የለውም» አለ፤ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ማንም አልገፋም። ሙሐመድሳኒ ከአጋሮ ሲመለስ ብርቱካን ያመጣለታል። ሽበሺ ይቀበላል፣ ይልጣል፣ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ያን ነገር በመካከላቸው አንድም ቀን አላነሱትም።

ታዲያ ክረምቱ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት የኔነሽ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ሽበሺ ሆዳቸውን ይዟቸው አድሯል። ሐኪም ቤት አድርሱልን ብለዋል እትዬ ብርሃንነሽ!»

ሙሐመድሳኒ ጫማ ሳያጠልቅ ወጣ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፤ አልተነሳም። ደገመ። ወርዶ ክዳኗን ከፈተ፤ ቁራጯ ቦታዋ ላይ ናት። በሸሚዙ አደረቃት፣ መልሶ ገጠማት። ማኖቬላውን፣ የእጅ ማስነሻውን፣ አስገብቶ እጁ እስኪላጥ አዞረ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ጠረገ። ምንም።

ዙቤይዳ ከበሩ ላይ ታየው ነበር። «ኪስህን ፈትሽ» አለችው።

«ዋላሂ አለች! ነይ እይ፣ ይቺውና ቦታዋ ላይ!»

መጥታ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከጎረቤቱ ጋር ከኋላ ገብታ ገፋች። እስከ አወቱ ቁልቁለት ገፏት፤ አሮጊቷ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ሙሐመድሳኒ ሽበሺ ቤት ሲገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሽበሺ በተበሳሳው ጋቢው ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተኝቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው ሁሉ ዞሮ ሙሐመድሳኒን አየው።

«አልነሳ አለች» አለ።

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ያው ቃል ነው፤ ያው ድምፅ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ቀናት ያለው። ሽበሺ ዓይኑን ገልጦ ረጋ ብሎ አየው። ሙሐመድሳኒ «ዛሬስ እውነቴን ነው» ሊል ፈለገ። ነገር ግን «ዛሬስ» ማለት ትናንትን ማውጣት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ትከሻቸው በከንቱ በገፋ ሰዎች ተሞልቷል።

ሽበሺ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። «ባትሪዋ ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርጋታል። አትልፋ ልጄ።»

በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት። ሙሐመድሳኒ አንዱን ጫፍ ይዞ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጅ ትከሻ አልቀየረም፤ እንቀበልህ ቢሉት እምቢ አለ። እዚያ ሽበሺን ተረክበው አስገቡት፤ እሱም በቀጥታ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። አሰበ፤ ምን እንደሆነች ፈልጎ ያገኛል፣ ያስነሳታል፣ የሽበሺ መስኮት ሥር አቁሞ ሞተሩን ያሰማዋል። ያኔ ምንም መናገር አያስፈልገውም። እንዲህ እያሰበ ሲፈታና ሲገጥም፣ መጠየቂያው ቀን አለፈ።

ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ሽበሺን ያነሳሉ። ገብረሥላሴ እጁን ሽቅብ አነሳና «ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ ልስማት» ሲል ድንኳኑ ሳቀ፤ ራሱ ገብረሥላሴ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «ሱሪዬን ሳይጨርሰው» አለ ከነጠላው ሥር። ሙሐመድሳኒ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ሽበሺ ያውቅ ነበር። ያወቀውን ደግሞ ለሰው የሚተርፍ አፍ ነበረው። መቼም ለሚስቱ ሳይነግር አልሞተም።

ሰው ሳሳ ሲል ብርሃንነሽ ጋ ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ብርሃንነሽ... ያን ዕለት የመኪናዋ ነገር...»

«ተው ልጄ፣ ነግሮኛል።»

ሙሐመድሳኒ ጠጋ አለ። «ምን... ምን አሉ?»

«ባትሪ ነው አለ እንጂ! አንተ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ 'ይህን ልጅ ሰው እንዳይወቅሰው፤ መኪናዋ ባልተነሳች ቁጥር ራሱን ይበላል፤ እኔ አውቀዋለሁ' አለኝ። ይኸውልህ እንግዲህ፣ ፊትህ ከስቷል።»

«ሌላስ? ሌላ ነገር አልነገሩዎትም? ከዚያ በፊት... ስለ መኪናዋ?»

ብርሃንነሽ በለቅሶ ባበጠ ዓይኗ አየችው፤ ትንሽ ፈገግ ያለችም መሰለ። «አንተ ደግሞ፤ ሽበሺን አታውቀውም? የጎረቤት ድስት ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነግረኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው! ሌላ ነገር ቢኖርማ ያኔውኑ በሰማሁ።»

ወንፊቱ አንድ ነገር አስቀርቶ ኖሯል። ከወሬኞች ሁሉ የላቀው ያ ሰው ያችን አንዲት ነገር ከሚስቱም ደብቆ፣ ውሸት መስሎት ለነበረው ለመጨረሻው ቀንም ሽፋን ሰጥቶ ነው የሄደው። አሁን ለብርሃንነሽ «ያን ዕለት እውነቴን ነው» ቢላት «አዎ» ትለዋለች፤ ተጠራጥራ አታውቅምና። የተጠራጠረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ይቅር ብሎታል፤ ይቅር ያለው ግን ላላጠፋው ጥፋት ነው። ይህን ደግሞ የሚያርምለት የለም። ሙሐመድሳኒ የብርሃንነሽን ጉልበት ነካ አድርጎ ተነሳ፤ ድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ቆሞ አለቀሰ። ሽበሺን ምን ያህል እንደሚወደው ለራሱ እንኳ ነግሮት አያውቅም ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ ሸኩር ከሰቃ መጣ፤ ለሐሙስ ዕቃ አድርስልኝ ሊል።

«መኪናዋ አትሠራም» አለው ሙሐመድሳኒ።

«ምን ሆና?»

ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ቦቢና፣ እርጅና፤ ስሞቹ ሁሉ አፉ ጫፍ ደርሰው ነበር። አንዱንም ማንሳት ከበደው። «አላውቅም» አለ። ሸኩር ሳያስበው ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ተመለከተ። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

አሮጊቷ ግቢው ውስጥ ናት። ካንዴላዎቿ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ እንደ ተነቀሉ ናቸው፤ የመለሳቸው የለም። ያን ዕለት ጠዋት ለምን እንዳልተነሳች እስካሁን አልታወቀም።